ጣሪያው የተከፈተ ሁሉ ሮድስተር ነው?

ባለፈው እትም ስለ ድሮ የእንግሊዝ ስፖርት መኪኖች ስጽፍ «ጣሪያው የሚከፈት ሁሉ ሮድስተር አይደለም» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ወርውሬ አልፌ ነበር። የጎንደር ሰው ግን የተወረወረበትን አንስቶ መጠየቅ ይወዳል። ከፒያሳ፣ ከማራኪ፣ ከአዘዞ ጥያቄው ጎረፈ። ለአራቱ እዚህ እመልሳለሁ፤ ስለ ባጃጅ ታርጋ የጠየቃችሁ ትንሽ ታገሱኝ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጥር ላይ የአክስቴ ልጅ ሲያገባ ለሙሽሮቹ ነጭ ክፍት መኪና ተከራየን። አራት ሰው ትይዛለች፣ ጣሪያዋ ቁልፍ ሲጫኑት ራሱ ታጥፎ ኋላ ይገባል። እኔ ሮድስተር ናት ብዬ ከጓደኛዬ ጋር ቡና ተወራረድኩ። ማን ነው የሚከፍለው? (ተወራራጁ፣ ፒያሳ)

መልስ፦ አንተ ነህ የምትከፍለው።

ያያችኋት ኮንቨርቲብል ናት። መጀመሪያ እንደ ማንኛውም የቤት መኪና ባለ ጣሪያ ሆና ተነድፋ፣ በኋላ «ይቺን ብንከፍታትስ?» ተብሎ ጣሪያዋ የተነሳላት። የኋላ ወንበር አላት፣ ሻንጣ ትጭናለች፣ ስትዘጋም ነፋስ አታስገባም። ለሰርግ ደግሞ ከሮድስተር በብዙ ትሻላለች። ሮድስተር ውስጥ ሙሽሮቹ ከገቡ ሚዜዎቹ በእግር ነው የሚከተሉት፣ ሾፌሩም ጭምር።

ሮድስተር ገና ወረቀት ላይ እያለች ክፍት ሆና የታሰበች መኪና ናት። ሁለት ወንበር አላት፣ ክብደቷ ቀላል ነው፣ ጣሪያዋ ደግሞ ዝናብ ቢመጣ ተብሎ የተጨመረ ሸራ ነው። የእኔ መለኪያ እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ፍጥነት እዚህ ውስጥ የለም፤ ብዙዎቹ የድሮ ሮድስተሮች ዛሬ ባሕር ዳር መንገድ ላይ አንድ ደህና ሚኒባስ ይቀድማቸዋል።

ልዩነቱ የስም ጨዋታ እንዳይመስልህ። ዛሬ የምንነዳቸው የቤት መኪኖች ለብቻው የቆመ ሻሲ (መኪናዋን ከሥር የሚሸከም የብረት አጽም) የላቸውም። ወለሉ፣ ጎኑና ጣሪያው በአንድ ላይ ተበይደው ነው ጥንካሬ የሚሰጡት። ጣሪያውን ስታነሳበት ክዳኑ የተገነጠለ ካርቶን ይሆናል፤ ሁለት ጥጉን ይዘህ ብትጠመዝዘው እሺ ብሎ ይጠመዘዛል። ስለዚህ ኮንቨርቲብል የሚሠራ ፋብሪካ ከበሩ ሥር ያለውን ላሜራ ይደርባል፣ ወለሉን ያጠናክራል፣ መኪናዋም ትከብዳለች፤ ይህ ሁሉ ሆኖም ጉድጓድ ስትመታ ዳሽቦርዱና የፊት መስታወቱ ይንቀጠቀጣሉ። ሮድስተር ግን ጥንካሬዋ ከመጀመሪያውም ታች ነው ያለው። ከጣሪያው የጠበቀችው ነገር የለም።

በዚሁ አጋጣሚ፣ አንድ ልጅ «ቪትዝ ጣሪያዋን በግራይንደር ባስቆርጣትስ?» ብሎ ጽፎልኛል። ተው ወንድሜ። መሃሏ ይረግባል፣ በሩ አልዘጋም ይልሃል፣ አንድ ቀን ከጎን የሚመታህ ሰው ደግሞ ሁሉንም ነገር ይጨርሰዋል። የጋራዥ ሰው «ይቻላል» ቢልህ አትስማው፤ መቁረጡማ ይቻላል።

አክራሪዎቹ ጋ ስትሄድ መለኪያው ይጠብቃል። እነሱ የጎን መስታወት በእጅ ተሽከርክሮ የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ ሮድስተር አይደለም ባዮች ናቸው። ለዚህ አባባላቸው መነሻ አላቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከ1945 እስከ 1949 የተሠራችው ኤምጂ ቲሲ፣ በ1948 ለንደን ላይ የታየችው ጃጓር ኤክስኬ 120፣ በ1953 የመጣችው ትራያምፍ ቲአር 2፣ እስከ 1962 የተሠራችው ኤምጂኤ፣ ሮድስተሮቻቸው ሁሉም የጎን መስታወት አልነበራቸውም። ዝናብ ሲመጣ ከበሩ ላይ የሚሰካ ፕላስቲክና ሸራ ነበር። ሮድስተሯ ኤክስኬ 120 ከውጭ በኩል የበር እጀታ እንኳ የላትም፤ እጅህን ወደ ውስጥ ሰደድ አድርገህ ነው የምትከፍታት። ስሟ ውስጥ ያለው 120 በሰዓት ማይል ነው፣ ወደ 193 ኪሎ ሜትር። በ1948!

እኔ ግን መስታወት ስላላት ብቻ ኤምጂቢን ከሮድስተር ቤት አላባርራትም። ኤምጂቢ በ1962 ስትወጣ ክፍት ሆና ነው የወጣችው፤ ባለ ጣሪያዋ ጂቲ የመጣችው ከሦስት ዓመት በኋላ በ1965 ነው። ማለትም የተጨመረው ጣሪያው ነው። በዚያው በ1962 የወጣችው ሎተስ ኢላን ደግሞ 700 ኪሎ እንኳ የማትሞላ፣ ቦዲዋ ፋይበርግላስ የሆነ፣ ከታች አንድ የብረት አከርካሪ ብቻ ያላት መኪና ናት። በኋላ የመጡት ሞዴሎቿ መስታወት ደግሞ በኤሌክትሪክ ነው የሚወርደው። እሷን ሮድስተር አይደለችም የሚል ሰው ካለ አብሬው ቡና አልጠጣም። በተቃራኒው ትራያምፍ ስታግ የምትባለዋ ጣሪያዋ ቢከፈትም አራት ወንበርና ከራስ በላይ የሚያልፍ የብረት ድጋፍ አላት። ቆንጆ ናት፣ ሮድስተር ግን አይደለችም።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬን በላንድሮቨር ነው የጨረስኩት፤ መተማም ወርጃለሁ፣ ደባርቅም ወጥቻለሁ። መንገድ ላይ ጥላኝ አድራ አታውቅም። ታዲያ የእንግሊዝ ስፖርት መኪኖች ለምንድን ነው ሁሌ በብልሽት ስማቸው የሚነሳው? የሠራው ያው ሕዝብ አይደለም እንዴ? (ጡረተኛ ሾፌር፣ አዘዞ)

መልስ፦ ጋሼ፣ እጅ ነስቻለሁ። ጥያቄዎ ይህን ገጽ ብቻውን ይሞላዋል።

ሕዝቡ ያው ነው፤ የመብራት ዕቃውም ያው ነው። እርስዎ የነዷት ላንድሮቨር ሶሊሃል ነው የተሠራችው፣ ኤምጂ አቢንግደን፣ ትራያምፍ ኮቨንትሪ። ዲናሞው፣ ሞተሪኖው፣ የመብራት ማብሪያው ግን ከሁሉም ላይ ቢፈቱት ሉካስ የሚል ጽሑፍ ያገኙበታል። የበርሚንግሃም ድርጅት ነው። እንግሊዞቹ ራሳቸው «የጨለማው ልዑል» ብለው ይቀልዱበታል። የሉካስ ማብሪያ ሦስት ቦታ አለው ይላሉ፦ ደብዘዝ፣ ብልጭ ድርግም፣ ጥፍት። ቢራ ሞቅ አድርገን የምንጠጣው ፍሪጃችንን ሉካስ ስለሠራው ነው የሚልም ቀልድ አላቸው።

እኔ ሉካስ ከሚገባው በላይ ተሰድቧል ባይ ነኝ። መኪና ሠሪዎቹ ዋጋውን ሳንቲም በሳንቲም እያስቀነሱ ነበር የሚያዙት። በመጀመሪያዎቹ ኤምጂቢዎች ጠቅላላ ሁለት ፊውዝ ብቻ ነው ያለው፣ ለሙሉ መኪና! ሽቦዎቹ የሚገናኙት ተገፍተው በሚሰኩ ክብ ማያያዣዎች ነው። እነሱ ውስጥ እርጥበት ሲገባ ይዝጋሉ፣ ሲዝጉ ኮረንቲው ይደክማል፣ መብራቱ ይደበዝዛል። ከአምፖሉ የሚመለሰው ኮረንቲ ደግሞ በቦዲው በኩል ነው የሚያልፈው፤ ቦዲው ላይ ያለችው ብሎን ከዛገች አለቀ። በዚያ ላይ እንግሊዝ ዓመቱን ሙሉ ዝናብ ነው፣ መኪናዋ ደግሞ ክፍት ናት። ሃምሳ ዓመት ሲሞላት፣ በየመሃሉ የገዛት ሰው ሁሉ በፕላስተር እየጠቀለለ የራሱን ሽቦ ጨምሮባት፣ ሁሉም ነገር ሉካስ ላይ ይደፈደፋል።

ዘይቱም አለ። «የእንግሊዝ ሞተር ዘይት ካላንጠባጠበ ዘይቱ አልቋል ማለት ነው» የሚባለው እውነትነት አለው። በብዙዎቹ የድሮ ሞተሮች የክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) የኋላ ጫፍ ላይ የጎማ ኦይል ሲል የለም። በምትኩ ብረቱ ላይ ጠመዝማዛ መስመር ተቀርጾበታል። ሞተሩ ሲዞር መስመሩ ዘይቱን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። ሞተሩ ሲቆም ግን የሚመልሰው የለም፤ ያንጠባጥባል። ብልሽት አይደለም፣ አሠራሩ ነው። ሥሩ ካርቶን ማንጠፍ ነው።

የቤንዚን ፓምፑ ነገር ደግሞ ያስቀኛል። ኤስዩ የሚባለው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ውስጡ ኮረንቲ የሚያገናኙና የሚያለያዩ ትንንሽ ነጥቦች አሉት፤ ሲሠራ ጠቅ ጠቅ ይላል። ነጥቦቹ ሲቃጠሉ ይቆማል። ያኔ ሹፌሩ ወርዶ ፓምፑን በመዶሻ እጀታ ቀስ አድርጎ ይመታዋል፣ ጠቅ ጠቁ ይመለሳል፣ ጉዞ ይቀጥላል። እርስዎ ይህን ዓይነት ጥገና ያውቁታል ብዬ እገምታለሁ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ትንሽ ብልሽት ነው። ትልቁ ብልሽት የመጣው በኋላ ነው። በ1968 ኦስቲን፣ ሞሪስ፣ ኤምጂ፣ ትራያምፍ፣ ጃጓር፣ ሮቨር ሁሉም ብሪቲሽ ሌይላንድ በሚባል አንድ ጣሪያ ሥር ገቡ። ትናንት የሚፎካከሩ ፋብሪካዎች በአንድ ቀን ወንድም ሁኑ ተባሉ። አለቃውና ሠራተኛው አልተስማማም፣ የሥራ ማቆም አድማው በዛ፣ ገንዘቡ አለቀ፣ በ1975 መንግሥት ወሰደው። በዚያው ዓመት የወጣችው ትራያምፍ ቲአር 7 የዚያ ዘመን ልጅ ናት። አሜሪካ የመገልበጥ አደጋን ፈርታ ክፍት መኪና ልትከለክል ነው ተብሎ ስለተፈራ በጣሪያ ወጣች፤ ክፍቷ የደረሰችው በ1979 ነው። ትሠራበት የነበረው ሊቨርፑል ያለው የስፒክ ፋብሪካ በአድማና በጥራት ጉድለት ስሙ ጠፍቶ በ1978 ተዘጋ። ስታግን ከላይ አንስቻታለሁ። 3 ሊትር ቪ8 ሞተሯ የብረት ነው፣ ቴስታታዋ (የሞተሩ የላይ ክዳን) አሉሚኒየም፣ የውሃ ፓምፗ ደግሞ ላይ ተሰቅሏል። ውሃው ትንሽ ጎደል ሲል መጀመሪያ ደረቅ የሚቀረው ፓምፑ ነው። ከዚያ ትሞቃለች፣ ቴስታታው ይጣመማል፣ ኪስም አብሮ ይጣመማል። ይህ በመዶሻ እጀታ አይድንም። በ1995 የመጣችው ኤምጂኤፍም የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ መሃል ያለውን ማሸጊያ) እየበላች ባለቤቶቿን አስለቅሳለች።

የኤምጂቢ ሞተር ግን ከዚህ ወቀሳ ነፃ ነው። 1798 ሲሲ፣ ሙሉ በሙሉ የብረት፣ ከቤተሰብ መኪኖች የተወሰደ ሞተር ነው። ቀርፋፋ ነው፣ ከባድ ነው፣ አይሞትም። ቴስታታውን አንድ መካኒክ ከረዳቱ ጋር ጠዋት ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ያወርደዋል። ከ1962 እስከ 1980 ክፍቷና ጂቲዋ አብረው ከ500,000 በላይ የተሸጡት በከንቱ አይደለም።

ላንድሮቨርዎ ለምን አልጣለችዎትም ለሚለው፣ አንደኛ ለገበሬ ነው የተሠራችው፤ በዝግታ ነው የምትሠራው፣ ሞተሯም አይጨነቅም። ሁለተኛውን እርስዎ ያውቁታል። ጠዋት ኮፈን ሳይከፍቱ፣ ዘይትና ውሃ ሳያዩ የወጡበት ቀን አለ? እንግሊዝ አገር ስፖርት መኪና የሚገዛው ወጣት ኮፈን የሚከፍተው ጭስ ሲያይ ነው። (ጣሪያዋን አውልቀው፣ የፊት መስታወቷን ኮፈን ላይ ካስተኙት ላንድሮቨርም ሮድስተር ትሆናለች የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ፈገግ ብዬ አልፋቸዋለሁ።)

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ዘመዳችን ግቢ የቆመች የ1969 ኤምጂቢ አለች፣ ግራ መሪ፣ ሊብሬዋ ደህና። ልወስዳት ነው። ጎንደር ላይ ትሠራልኛለች? ሊማሊሞንስ ትወርዳለች? (የምህንድስና ተማሪ፣ ማራኪ)

መልስ፦ እህቴ፣ ቀናሁብሽ። መጀመሪያ ሊብሬዋ በእጅሽ መሆኑን አረጋግጪ፤ ከ2024 ጀምሮ ከኤሌክትሪክ በቀር የቤት መኪና ከውጭ ማስገባት ስለተከለከለ ይቺ አንዴ ካመለጠችሽ ሌላ አታገኚም። ግራ መሪ መሆኗ አይግረምሽ፤ አብዛኞቹ ለአሜሪካ ነው የተሠሩት።

ከአዲስ አበባ እየነዳሽ አትምጪ። የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት ለዓመታት የቆመች መኪና የሚፈተንበት ቦታ አይደለም፣ መንገዱም እንደምታውቂው ነው። ኤፍኤስአር ላይ ይጫኑልሽ።

ጎንደር ስትደርስ መጀመሪያ የምትጠይቅሽ ከፍታውን ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ግድም ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ከጉልበቱ ከአምስት አንድ እጅ ያህል ያጣል። የኤምጂቢ 95 የፈረስ ጉልበት እዚህ ወደ 75 ይወርዳል። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ስለሚበዛባት ካንዴላዎቹ ጥቁር ጥላሸት ይለብሳሉ፣ ቤንዚንም ትጨርሳለች። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅሉት ሁለቱ የኤስዩ ካርቡራተሮች ሥር ባለ ስድስት ጎን ማስተካከያ አለች፤ ወደ ላይ ስታዞሪያት ቤንዚኑ ይቀንሳል። ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ (ቤንዚን ሳትሰጪው ዝም ብሎ ሲዞር) ሳለ የካርቡራተሩን ፒስቶን በጣም ጥቂት፣ አንድ ሚሊሜትር ያህል፣ ከፍ አድርጊ። ሞተሩ ጮኾ በዚያው ከቀጠለ ቤንዚን በዝቷል። ሊጠፋ ከተንገዳገደ አንሷል። ለአፍታ ጮኸት ብሎ ከተመለሰ ልክ ነው። ኮምፒውተር አያስፈልግም፣ ጆሮሽ ይበቃል። ከላይ ያለውን ጥቁር ክዳን ፈትተሽ ቀጭን የሞተር ዘይት መጨመርም አትርሺ፤ ብዙ መካኒክ ያልፈዋል፣ ከዚያ «ቤንዚን ስሰጣት ትታነቃለች» ብለሽ ትመጫለሽ።

ውሃም እዚህ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ በ100 አይደለም። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ይዞ ነው ከዚያ በላይ የሚያስኬድሽ። ስለዚህ ክዳኑን ቀይሪ፤ ርካሽ ነው፣ የሚያድነው ግን ሞተር ነው።

ከወንበሮቹ ጀርባ ወለሉን ብትከፍቺ ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪ ታገኛለሽ። ጎንደር ላይ ባለ 6 ፍለጋ አትድከሚ። አንዱ ሳጥን ውስጥ የምትገባ ትንሽ ባለ 12 ቮልት አስገቢና ሌላኛውን ሳጥን ለመፍቻ ተጠቀሚበት። የአንቺዋ በ1969 ስለተሠራች ኔጌቲቩ ነው ቦዲው ላይ የሚታሰረው፣ እንደ ዛሬዎቹ። ከ1967 በፊት የነበሩት ግን ፖዘቲቩ ነው የሚታሰረው፤ ይህን የማያውቅ ኤሌክትሪሺያን አንድ ከሰዓት ውስጥ ብዙ ነገር ያቃጥላል።

ቤንዚን ማደያ ጠፍቶ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠውን ከገዛሽ በፊልትሮ አሳልፊው። ውሃም፣ አፈርም፣ ምኑም ይኖረዋል። የካርቡራተሩ መርፌ ላይ አንዲት ቅንጣት ከተቀመጠች ቤንዚኑ መንገድ ላይ መፍሰስ ይጀምራል፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ደግሞ ቅርብ ነው።

ስለ ማርሚታው ካነሳን፣ ከሆዷ እስከ መሬት አንድ ስንዝር አይሞላም። መጀመሪያ የሚመታው እሱ ነው። ኮብልስቶን ላይ ችግር የለም፣ ከዋናው መንገድ ስትወጪ ግን አብሮሽ ያለው ሰው ወርዶ ይምራሽ።

ሊማሊሞን ትወርዳለች። ጣልያን የቆረጠው ጠመዝማዛ መንገድ ነው፣ እሷም ለጠመዝማዛ ነው የተሠራችው። ፊቷ ዲስክ፣ ኋላዋ ከበሮ ፍሬን ነው። ከመውጣትሽ በፊት የፍሬን ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ቀይሪ፤ ለዓመታት የቆመ ዘይት ውሃ ስለሚጠጣ ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላል፣ ያኔ እግርሽ ወለል ይነካል። በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ውረጂ። መሪው ያለበት የፊት እግር በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ግሪስ ይፈልጋል፤ በእኛ አቧራ ከዚያም ቶሎ ቶሎ። ከበሩ ሥር ያለውን ላሜራ ደግሞ ከመውሰድሽ በፊት በስክሪውድራይቨር ወጋ ወጋ አድርጊው። መኪናዋን የሚሸከማት እሱ ነው፤ ከበሰበሰ ቀለሟ ቢያበራም ተያት።

ጥያቄ፦ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 እውነተኛ ሮድስተር ናት ወይስ ቅጂ? አዲሷ የኤሌክትሪክ ኤምጂስ? (ስልክ ጠጋኝ፣ አራዳ)

መልስ፦ ማዝዳዋ ናት፣ ያለ ክርክር። በ1989 ስትወጣ የጃፓን መሐንዲሶች የእንግሊዞቹን፣ በተለይ ኢላንን፣ ደህና አድርገው አጥንተው ነበር። ሁለት ወንበር፣ ከ1 ቶን በታች፣ ሞተር ፊት፣ የሚገፋው ጎማ ኋላ፣ ሸራዋን ተቀምጠህ ወደ ኋላ የምትጥላት። ልዩነቱ ዝናብ ላይ መብራቷ አይጠፋም። የኤምጂ ፋብሪካ አቢንግደን በ1980 ተዘግቶ ቦታው ባዶ ነበር፣ እነሱ ሞሉት። በ2016 አንድ ሚሊዮነኛዋ ተሠርታለች። ቅጂ ናት የሚል እንግሊዛዊ ካለ ለምን እነሱ ራሳቸው እንዲህ አልሠሩትም?

አዲሷ ኤምጂ ሳይበርስተር የቻይናው ሳይክ ኩባንያ ሥራ ናት፤ በ2023 ታይታለች። ሁለት ወንበር አላት፣ ክፍት ሆና ነው የተነደፈችው፣ በሮቿ ወደ ላይ ነው የሚከፈቱት። ሰርግ ላይ ሰው ታቆማለች። ግን ወደ 2 ቶን ትጠጋለች፣ ከኤምጂቢ እጥፍ ማለት ነው፣ ሁሉም ባትሪ ነው። በኤሌክትሪክ መሆኗ አይደለም ችግሩ፤ በ2008 የወጣችው ቴስላ ሮድስተር ሎተስ ባመቻቸው ሻሲ ላይ ተሠርታ 1,300 ኪሎ አካባቢ ነበረች። ከሦስቱ መለኪያዬ ሳይበርስተር ሁለቱን አግኝታለች፤ ሦስተኛውን የባትሪው ክብደት ሲቀንስ እሰጣታለሁ።